ክረምት የተሸመነበት ባና

ሐሙስ ጠዋት፣ መሐል ሜዳ

ይቺን መንገድ የጀመርኳት አንድ ውሸቴን እውነት ለማድረግ ነው። የነበረኝ ጊዜ ሁለት ቀን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሚስተር ሊን ከመንገድ ሥራው ካምፕ ወጥቶ፣ በቦሌ በኩል ወዳገሩ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ሰባት ወር ሙሉ «ባናህ እየተሸመነ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያልኩ ስቀጥፈው ነበር። የቱ ባና? እኔ እስከማውቀው ለዚያ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ አንድ ክር አልተፈተለም።

ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ጌትነት ነው፤ መሐል ሜዳ መጥታችሁ ግን «ቻይናው የት ነው?» ብትሉ ነው ቶሎ የምታገኙኝ። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፣ ያለ ጸብ። ካምፑ ውስጥ ሥራዬ የቅየሳ ዘንግ መያዝ ነበር። መንዝ ውስጥ ከኔ ቀጥ አድርጎ ዘንግ የሚይዝ ሰው ካለ ይምጣና እንተያይ፤ ነፋሱ ራሱ ሲያየኝ ዞሮ ነው የሚሄደው። ቀያሹ ቻይናዊው ሚስተር ሊን ነው። ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ሦስት ካፖርት ደራርቦ የሚውል ሰው። ሠራተኛው «አባ ካፖርት» ይለዋል። እኔና እሱ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእጅ እናወራለን።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው ዘንጉን ከእጄ ተቀበለና መሬት ላይ ጻፈ፦ 冬። ሳየው አንድ እግሩን አንስቶ የሚሮጥ ሰው መሰለኝ። ከሥሩ ደግሞ የኛው ሁለት ነጥብ አለበት። «ዶንግ» አለኝ። የብርዱ ወቅት ማለት ነው። ሁለቱ ነጥቦች በረዶ ናቸው። ላይኛው ደግሞ በጥንት ጊዜ ሲጻፍ ሁለት ጫፉ የተቋጠረ ክር ነበር አለ። ክሩ አለቀ፣ ዓመቱም አለቀ እንደማለት።

ሊን ያልዞረበት የለም። ጃፓን ተምሯል፣ ኮሪያና ቬትናም መንገድና ድልድይ ሠርቷል። ጃፓኖች ይቺኑ ፊደል አይተው «ፉዩ» ይላሉ፤ ከሌላ ፊደል ጋር ስትጋጠም ደግሞ «ቶ» ትሆናለች። ኮሪያዎች ለወቅቱ የራሳቸው ቃል አላቸው፤ ከቻይና በመጡት ቃላት ውስጥ ግን «ዶንግ» ብለው ያነቧታል፣ አሁን አሁን የሚጽፉት በራሳቸው ፊደል ቢሆንም። ቬትናሞችም «ዶንግ» ነው የሚሉት፤ እነሱ ዛሬ በፈረንጅ ፊደል ነው የሚጽፉት። «አንድ ፊደል እንዴት አራት አፍ ይኖረዋል?» ብዬ ሳፋጥጠው ከጎኗ 7 ቁጥርን ጻፈ።

«አንተ ምን?»

«ሰባት።»

ዞሮ አብሮን የሚሠራውን ቶሎሳን በአገጩ ጠየቀው። ቶሎሳ በኦሮምኛ «ቶርባ» አለ።

«በቃ!» አለ ሊን። ገባኝ። አራተኛ ክፍል እንደሱ ዓይነት አስተማሪ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ሚኒስትር ነበርኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማን ይቻለኝ? ጠላ ቤት ገብቼ «የአራት አገር ቋንቋ እችላለሁ» አልኩ። አልዋሸሁም፣ ከየአገሩ አንድ አንድ ቃል ነው እንጂ። ፊደሏን በከሰል ግድግዳው ላይ ጻፍኩላቸውና «ክረምት ነው» ስላቸው ጠላ ሻጯ «ሂድ እዚያ! ክረምት ሐምሌ ነው፤ እነሱ በታኅሣሥ ምን አገባቸው?» አለችኝ። የነሱ ክረምት የኛ በጋ መሆኑን፣ ውርጩ ግን እዚህም እዚያም አንድ መሆኑን አስረዳኋት። ያን ለት የጠላ አልከፈልኩም።

ሊን አንዲት ልጅ አለችው። ስሟ ዶንግሜ ነው፣ በብርድ የሚያብብ የዛፍ አበባ። ስሟ የሚጀምረው በዚችው ፊደል ነው። ሦስት ዓመት በዓይኑ አላያትም፣ በስልክ ብቻ ነው። «ብርድ አትችልም። የመንዝ ባና እፈልጋለሁ፣ ስሟ ያለበት፤ ይቺ ፊደል ትበቃለች» አለኝ። እኔም ደረቴን መትቼ «በሁለት ሳምንት!» አልኩት።

ከዚያማ በየቀኑ ይጠይቀኛል፣ በየቀኑ እነግረዋለሁ። «ዛሬ እስከ ክርን ደርሷል።» «ዛሬ ሸማኔው ለቅሶ ሄደ።» አንድ ቀን «በግ ጫፉን በላችው» አልኩት፤ በጣም ነው የሳቀው።

ረፋድ፣ ወደ ዘመሮ

ሚኒባሱ የሞላው ከአንድ ሰዓት በላይ አስጠብቆ ነው። ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ሲጠይቀኝ በቻይንኛ ተቆጣሁት። «ዶንግ!» አልኩት ፊቴን ከስክሼ። «ዶንግም በል ዲንግ፣ ትከፍላለህ» አለኝ። ከፈልኩ።

መንገዱ ላይ የገብስ አጨዳው አልቆ አውድማው ሁሉ ወርቅ መስሏል። በሬ የሚያበራይ፣ ገለባ በመንሽ የሚበትን፣ ነዶ የሚሸከም፣ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ወሬ ይዞ የሚጓዝ እኔ ብቻ ነኝ። ከጎኔ ቆሎ ቋጥረው የተቀመጡ አንድ ካህን ነበሩ። ዘግነው ሰጡኝና ለምን እንደምሄድ ጠየቁኝ። ለቻይና ልጅ ስሟ ያለበት ባና ላመጣ እንደምሄድ ነገርኳቸው።

«እንዲህ ነው እንጂ ቃል ያለው ሰው!» አሉ።

ቆሎዬን እንደያዝኩ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰባት ወር በፊት ዘመሮ ገበያ ላይ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ሸማኔ አግኝቼ፣ ፊደሏን በሲጋራ ካርቶን ላይ ስዬ ሰጥቻቸው ነበር። ባና ያዘዘ ሰው የበጉን ጸጉር ራሱ ያመጣል። «በሚመጣው ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ» አልኳቸው። ቅዳሜው መጣ፣ እኔ አልመጣሁም። በገበያተኛ ሦስት ጊዜ «ና በሉት» ብለው ልከውብኛል። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ሸሸሁ። አንዴማ ጎረቤታቸውን ሽፈራውን መናኸሪያ ሳየው አይሱዙ ሥር ገብቼ ጎማ የምፈትሽ መሰልኩ።

የአሁኑ ዕቅዴ ቀላል ነበር። እሳቸው ጋ ተሸምኖ ያለቀ ባና አይጠፋም፤ ፊደሏን በነጭ ክር ያስገቡበታል፣ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ነገ ካምፕ እገባለሁ፣ ሊንም ያቅፈኛል። ዘመሮ ወርጄ፣ ጾም ስለሆነ ሽሮ በላሁና ወደ መንደራቸው በእግሬ ተነሳሁ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዘመሮ ወዲያ

ሁለት ሰዓት ያህል አስኬደኝ። መንደሯ ገደል አፋፍ ላይ ነች፤ ነፋሱ ከታች ነው የሚመጣው፣ ሱሪ ያስታጥቃል። የጋሽ ወንድይፍራው ባለቤት እትዬ ብርቄ ደጅ ላይ ገብስ ሲያሰጡ አዩኝ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አተኮሩና ወደ ቤት ተጣሩ።

«አንቱ! ቻይናው መጣ! ከነነፍሱ ነው!»

ጋሽ ወንድይፍራው ወጡ። ለስድብ ተዘጋጅቼ አንገቴን ሰበርኩ። እሳቸው ግን ጉንጬን ሳሙኝ። «ታመህ ነበር?» አሉኝ።

«ደኅና ነኝ።»

«እስር ቤት ነበርክ?»

«ኧረ ደኅና ነኝ ጋሼ።»

«እንግዲያ ምን ሆነህ ነው?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ እጄን ይዘው ወደ ሽመና ቤታቸው አስገቡኝ። የሽመና እቃው በጆንያ ተሸፍኗል። ጆንያውን ገለጡት።

ባናው እቃው ላይ ነበር። ጥቁር፣ የሚያምር ጥቁር፣ ግማሹን አልፏል። ሰባት ወር የዋሸሁት ነገር እውነት ሆኖ ተወጥሮ ይጠብቀኛል።

«ጸጉሩ ከየት መጣ?» አልኩ።

«አንተ ስትቀር ብርቄ የኛኑ በጎች አሸለተች። ለልጁ ስሟን የሚያስሸምን አባት በጸጉር አይጉላላ ብላ እሷው ፈተለችው» አሉ።

«ታዲያ ለምን ቆመ?»

ከጣራው ሣር ውስጥ ያቺን የሲጋራ ካርቶን መዘው አወጡ። በጢስ ቢጫ ሆናለች። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ ገልብጠው አሳዩኝ።

«ላይዋ የቱ ነው? ሁለት ነጥቡ ከላይ ከሆነ ዓይን ይመስላል፣ ከታች ከሆነ እንባ ይመስላል። የሰው ልጅ ስም ገልብጬ ልሸምን? ና በሉት ብዬ ላክሁ፣ ደግሜ ላክሁ። ‹ላይዋ የቱ ነው› ብቻ ነበር የምጠይቅህ።»

እትዬ ብርቄ ከበሩ ላይ ሆነው ቀጠሉ። «የጥር ሙሽሮች ስንት ባና ሊያሠሩ መጥተው መለስናቸው መሰለህ! እቃ ላይ የወጣ ድር ባለቤቱ ሳይመጣ አይቆረጥም፤ በሳቸው ደንብ እንዲህ ነው። ክረምት ከበጋ አንተን ሲጠብቁ ከረሙ።»

እኔ አይሱዙ ሥር ስደበቅ እኝህ ሰው እንጀራቸውን ዘግተው፣ ላይና ታቹን እስክነግራቸው ይጠብቁኝ ነበር። ካርቶኗን ተቀብዬ አስተካክዬ ያዝኩላቸው።

«ነጥቦቹ ከታች ናቸው ጋሼ። በረዶ ናቸው። ላይኛው ድሮ ሁለት ጫፉ የተቋጠረ ክር ነበር ይላል።»

ዓይናቸው በራ። «ክር? እንዲያማ ከሆነ የጻፈው ሸማኔ ነው!» ብለው ከእቃው ሥር ባለው የእግር ጉድጓዳቸው ውስጥ ገቡ። ነጩን ማግ በጣታቸው በጥቁሩ ድር መሀል እያሳለፉ፣ እኔ ካርቶኗን ፊታቸው እንደያዝኩ፣ ብርሃን እስኪሸሽ ፊደሏን ጨረሷት። ከሊን እጅ ጽሑፍ የምታምር ነበረች። ዘንግ መያዝ ጠቅሞኛል፤ ካርቶኗ ንቅንቅ አላለችም።

ዓርብ፣ ከጠዋት እስከ ማታ

የቀረውን ሲሸምኑ ረፈደ፤ ምሳ አካባቢ ከእቃው ወረደ። ባና ሲወርድ ገና ወንፊት ነው። በሙቅ ውሃ እየራሰ በእግር ካልተረገጠ አይጠቀጠቅም፣ ብርድም አይመልስም። ጎረቤቱ ሽፈራው ተጠራ። ሲያየኝ «የአይሱዙው ጎማ ደኅና ነው?» አለኝ። ለካ አይቶኛል።

እትዬ ብርቄ ውሃ እያፈሉ ያፈስሳሉ፣ ሦስታችን ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን እንረግጣለን። የእግር ጉልበት የኔ ነው ብዬ ጀመርኩ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጋሽ ወንድይፍራው እየዘፈኑ፣ እኔ እያለከለክሁ ነበር። «አራት ቋንቋ የሚችል ሰው በአንዱ እንኳ ‹ደከመኝ› አይልም?» አለ ሽፈራው። በአራቱም አላውቀውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጥር ላይ ሰጣነው። ከባድ ነው፣ ውሃው ይንጠባጠባል። ሁለት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል አሉኝ። ያለኝ አንድ ሌሊት ነው። ከሰባት ወሩ ውስጥ አንዷን ሳምንት መልሼ ባገኛት!

የሚገባቸውን ክፍያ ስሰጣቸው ሳይቆጥሩ ለእትዬ ብርቄ አቀበሉ። «ሌላ አንድ ነገር እፈልጋለሁ» አሉኝ። «ልጅቱ ስትለብሰው ያለችውን ቃል አምጣልኝ። በሕይወቴ ለባሕር ማዶ ሰው ስሸምን የመጀመሪያዬ ነው።»

«እሷው በስልክ ታነጋግርዎታለች!» አልኩ። አፌ ነዋ፣ መች ያርፋል።

ቅዳሜ ማለዳ

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ባናው አጥሩ ላይ እንደ ሳንቃ በረዶ ሠርቶ ቆሟል፤ ሲነኩት ይንቋቋል። ጋሽ ወንድይፍራው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ወጡና ፊደሏን አዩ። ሁለቱ ነጥቦች ላይ ውርጩ ያበራል።

«ያልከው በረዶ ይኸው፣ ቦታውን አውቆ አረፈ» አሉ።

መሀሉን እንደምንም አጥፈን በገመድ አሰርነውና ትከሻዬ ላይ ወጣ። አንድ ሙክት የተሸከምኩ ነው የመሰለኝ። ዘመሮ እስክደርስ በረዶው ቀልጦ በጀርባዬ ወረደ፤ ጫማዬ ውስጥ ውሃ ሞላ። ግን ደረስኩ፤ ገና በጠዋት ደረስኩ። የመጀመሪያው ሚኒባስ አንድ ሰው ነበር የጎደለው። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ አንድ ሰው።

የገበያ ቀን ስለሆነ ሰው ከበበኝ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ አንዱ። መልሼለት መሳፈር ነበረብኝ። እኔ ግን ባናውን አውርጄ ዘረጋሁት። ፊደሏን ሲያዩ አጨበጨቡ። «ዶንግ ነው፣ በጃፓን ፉዩ ነው» ጀመርኩ። ኮሪያ ስደርስ ረዳቱ ጠራኝ፤ «አንድ ጊዜ!» አልኩት። ቬትናም ስደርስ ሚኒባሱ ተነስቷል። ለኔ በቀረው ቦታ ላይ አንዲት ዶሮ ያቀፈች ሴትዮ ተቀምጣ በመስኮት አየችኝ።

ሁለተኛው እስኪሞላ ስንት ሰዓት እንደፈጀ አልነግራችሁም፤ ስናገረው ያመኛል።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት፣ ካምፑ በር ላይ

ዘበኛው አያሌው የሚባል የድሮ ወዳጄ ነው። ከሩቅ ሲያየኝ ነው ራሱን የነቀነቀው።

«ሦስት ሰዓት ላይ ወጡ» አለኝ። «ቆመው ጠበቁህ። ሾፌሩ ጡሩምባ ሲያበዛባቸው ነው የገቡት።»

ወደ ሊን ስልክ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ሲሙን ለአያሌው ሰጥቶት ሄዷል። ልደርስበት ብዬ መንገዱ ላይ ቆሜ ያገኘሁትን መኪና ሁሉ ለመንኩ፤ አንድ ሲኖትራክ አቧራውን አልብሶኝ አለፈ። ካምፑ እየፈረሰ ስለነበር የቀሩት ቻይናዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አዲስ፣ አድራሻውን አያውቁም። ቻይና ደግሞ መሐል ሜዳ አይደለም፣ ስም ጠርተህ አታገኘውም።

አያሌው አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። «ላንተ ነው፤ አንተ ታነበዋለህ ብዬ ነው ለሌላ ያላሳየሁት።»

ከፈትኩት። ሙሉ ገጽ ፊደል ነው። ከዚያ ሁሉ የማውቀው አንዷን ብቻ ነበር፤ ሁለት ቦታ ላይ አየኋት። አያሌው አፌን እያየ ይጠብቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እፈጥርለት ነበር። ስልኬን አወጣሁና ፎቶ አንስቼ አስተረጎምኩት። የስልክ አማርኛ ታውቁታላችሁ፤ የልጅቱን ስም ሳይቀር ተርጉሞ እንዲህ ነው ያለው፦

«ወንድም ጌትነት። ብርድ ልብስ የለም። እኔ አውቃለሁ፣ ከመጀመሪያ አውቃለሁ። አትፈር። አንተ በየቀን የብርድ ልብስ ወሬ ሰጠኸኝ፣ እኔ በየቀን ለልጄ ክረምት አበባ ሰጠሁ። በግ የበላበት ቀን እሷ ብዙ ሳቀች። የእኛ ክረምት አጭር ሆነ። አመሰግናለሁ።»

ባናው ትከሻዬ ላይ ነበር። እርጥብ፣ ከባድ፣ ስሟ ያለበት። «አለ! ይኸው አለ!» ብል የሚሰማኝ አያሌውና ውሻው ናቸው።

ቤት

መሐል ሜዳ ገብቼ ግቢያችን ውስጥ ሰጣሁት፤ ሲደርቅ ሦስት ቀን ፈጀ። ጎረቤት ሁሉ «ምን የሚል ነው?» ይለኛል። «ክረምት» እላለሁ፣ ሌላ አልጨምርም። አራቱ አገር አፌ ላይ አልመጣ አለ። ስንት ሰው አመነኝ ብዬ ቆጠርኩ። ሊን አላመነኝም ነበር፣ ግን ወደደኝ። ጋሽ ወንድይፍራው ደግሞ አመኑኝ፤ እሱ ነው የከፋው። የሰደበኝ ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይሄንን ነው፤ የኔ ቃል ለኔ ወሬ ቢሆንም፣ ሰምቶ ቤቱ ወስዶ ሥራ የሚጀምርበት ሰው አለ።

በሳምንቱ ሽፈራው ለገበያ መጣና ቤቴ ድረስ ጠይቆ አገኘኝ። ይሄን ጊዜ አልተደበቅሁም።

«ጋሽ ወንድይፍራው ልከውኛል» አለ። «ልጅቱ ምን አለች ይሉሃል።»

ሦስት ውሸት ወዲያው ተሰልፈው መጡልኝ። ሦስቱም ያምራሉ፤ አንደኛው እንዲያውም ያስለቅሳል። ብናገረው እትዬ ብርቄ እልል ይሉ ነበር።

«ባናው እኔ ጋ ነው። አልደረስኩም በላቸው» አልኩት።

ሽፈራው ጭኑን እየመታ ሳቀ። «አይ ቻይናው! እሺ አሁን ቀልዱን ተውና፣ ምን አለች?»

ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ከዚያ እጁን ይዤ ወደ ጓዳ አስገባሁትና ባናውን አሳየሁት።